ስክሪኑ በራ፤ ዋጋውን የሚሞላው ማነው?

ሰሞኑን ከደሴ ዕቃ ሊጭኑ የመጡ አንድ አንጋፋ ነጋዴ ወዳጄን ተከትዬ መርካቶ ውዬ ነበር። እኚህን ሰው ሁላችንም «ሐጂ» እንላቸዋለን። የገባንበት ቤት እዚያው መርካቶ ውስጥ ሦስት መደብሮች ያሉት የግንባታ ዕቃ ጅምላ አከፋፋይ ነው፤ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም። በየመደብሩ መግቢያ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። የፌሮው፣ የቆርቆሮው፣ የምስማሩ ዋጋ በሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ ቁጥር ይመላለሳል። ለዓይን ደስ ይላል። በመጀመሪያው መደብር የባለ 12 ፌሮ ዋጋ አየን። ሁለተኛው መደብር ስንደርስ ያው ፌሮ በአንድ ቤርጋ 70 ብር ረክሶ ተጽፏል። የሐጂ ፊት ፈካ፤ የሚፈልጉት ብዙ መቶ ቤርጋ ነበርና። ወዲያው ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄደው «በዚህ ዋጋ ቁረጪልኝ» አሏት።

«አባቴ፣ እሱ እኮ የሰኞ ዋጋ ነው። የሚቀይረው ልጅ አልገባም» አለቻቸው። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

«ታዲያ ልጄ፣ ሐሙስ ቀን ሰኞን ለምን ሰቀላችሁት?»

ልጅቷ መልስ አልነበራትም፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። ሐጂ ግን ወጡ። ዕቃውን ስክሪን የሚባል ነገር ከሌለበት ሌላ ቤት፣ እንዲያውም በጥቂት ብር ከፍ ባለ ዋጋ ገዙ። ምነው ብዬ ብጠይቃቸው «ይኸኛው ቢያንስ ዓይኔን እያየ በአፉ ነው የነገረኝ» አሉኝ።

ይህን ያነሳሁት በአንድ ቤት ላይ ለመሳቅ አይደለም። የመርካቶ ነጋዴ ዛሬ ስክሪን በመስቀል ላይ ነው። አዳዲሶቹ ህንፃዎች በየፎቁ፣ ባንኮቹ በየቅርንጫፉ፣ አከፋፋዮቹም በየመደብሩ እየሰቀሉ ነው። ይሰቅሉ፤ አልቃወምም። ይሁንና ብዙዎቹ የሰቀሉት ቴሌቪዥን እንጂ የዋጋ ሰሌዳ አይደለም። በስክሪን ላይ የወጣ ዋጋ ነጋዴው ለማያውቀው ሰው ሁሉ የሰጠው ቃል ነው። ቃሉን የሚጠብቅ ኃላፊ ሳይመደብ ስክሪኑን መስቀል ደንበኛን በገዛ ገንዘብ ማባረር ነው።

ለመሆኑ በመርካቶ ዋጋ እስከ ዛሬ እንዴት ሲታወቅ ኖረ? በአፍ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ አሁኑ ሥፍራ ከተዛወረ ወዲህ፣ ከሸማ ተራ እስከ ቦምብ ተራ፣ ከጎጃም በረንዳ እስከ ምናለሽ ተራ፣ ዋጋ የሚጓዘው በሰው ነው፤ በተሸካሚ፣ በደላላ፣ በኋላም በስልክ። ይህ ኋላ ቀርነት ብቻ ይመስለው የነበረ ሰው እህል በረንዳ ሄዶ ቢያይ ሐሳቡን ይለውጣል። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን የአገራችንን የእህል ገበያ ያጠኑበት ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። በዚያ ጥናት ላይ ደላላው ከሁለቱም ወገን ገንዘብ የሚለቅም ትርፍ ሰው ሆኖ አልቀረበም። ከሩቅ ክፍለ ሀገር እህሉን የላከው ነጋዴ አዲስ አበባ ሳይመጣ፣ ገዢውም ሻጩን ሳያውቅ ግብይቱ የሚፈጸመው ደላላው እህሉን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዘግኖ፣ በስሙ ስለሚያስማማ ነው። ስሙ ከጠፋ ነገ እዚያ በረንዳ መቆም አይችልም። የተናገረው ዋጋ የሚታመነው ነገም እዚያው ስለሚገኝ ነው።

ስክሪኑ የሚጎድለው ይህ ነው። ነገ እዚያው ይገኛል፤ ነገር ግን የሚጠየቅ ሰው የለውም።

እኚሁ ባለሙያ የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑበት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአገራችን የዋጋ ሰሌዳን ነገር ከሁሉ በፊት በቁም ነገር የያዘ ተቋም ሆነ። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኘው አዳራሽ ገዢና ሻጭ ጮክ ብለው እየተጫረቱ፣ ሲስማሙ እጅ ለእጅ ተማትተው ይጨርሱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር እስኪዛወር ድረስ። የተደረሰበት ዋጋ በየገበያ ከተማው በተተከሉ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ይወጣ ነበር፤ በ929 የስልክ መስመርና በአጭር መልዕክትም ገበሬውና ሰብሳቢው ይጠይቃሉ። ብዙ ሰው ከዚያ ሁሉ ያስታወሰው ሰሌዳውን ነው፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ዓይን ይስባልና።

ነገር ግን ሰሌዳው ላይ ያ ቁጥር ከመውጣቱ በፊት የሆነውን እንይ። ቡናው ወይም ሰሊጡ መጋዘን ይገባል። ይመዘናል። ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይሰጠዋል። ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ነው ገበያ የሚወጣው፤ ገንዘቡም በባንክ በኩል በማግስቱ ይተላለፋል። ቁጥሩ የምን ያህል ክብደት እንደሆነ፣ የየትኛው ደረጃ እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ቡና በፈረሱላ ከተባለ 17 ኪሎ ነው፤ ክርክር የለበትም። ሰሌዳው የመጨረሻው ነገር ነበር ማለት ነው። የመርካቶ ነጋዴ ግን ከጅራቱ ጀመረ። ደረጃ ሳይወጣ፣ መለኪያው ሳይጻፍ፣ ዋጋውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ሳይለይ ስክሪኑ ተገዛ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከደጃችን ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዚያው ዕለት የዶላሩን መግዣ ከ57 ብር ገደማ አንስቶ ከ74 ብር በላይ አደረሰው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም 100 ብርን አለፈ። ከዚያን ቀን ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ያወጣል። አስመጪው በሰባተኛ በኩል ገብቶ ሲወጣ አራት ባንክ ቢያልፍ አራት ዋጋ ሊያነብ ይችላል። ቀድሞ ሁሉም ባንክ ተቀራራቢ ቁጥር ይሰቅል ስለነበር ሰሌዳውን የሚያነብ እምብዛም አልነበረም፤ ዛሬ ግን ቆሞ ያነባል።

እስቲ አስቡት። ከ1,900 በላይ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ የዛሬውን ዋጋ በየቅርንጫፉ ባለ አንድ ልጅ እጅ ቢያስሞላ ኖሮ እስከ ምሳ ሰዓት ስንት ዓይነት ዶላር ይኖረን ነበር? እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው ቁጥሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ ሲገባና ቅርንጫፉ መንካት ሳይችል ሲቀር ነው። የንግድ ቤትም ሦስት መደብር ካለው ሦስት ቅርንጫፍ አለው ማለት ነው። መጠኑ ያንሳል እንጂ ችግሩ አንድ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ። ስክሪን መግዛት ቀላሉ ሥራ ነው። ሻጩ በነጻ ይሰቅልልሃል፣ ፍላሽ ይሰካል፣ ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል፣ ሒሳቡ ተከፈለ፣ አለቀ። ከሳምንት በኋላ ነው ጉዱ የሚመጣው። ለቤት የተሠራ ቴሌቪዥን ቤተሰብ ማታ ለጥቂት ሰዓት እንዲያየው የተሠራ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ሱቅ መዝጊያ በየቀኑ ሲበራ ዕድሜው ያጥራል፤ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሳይነቃነቅ ከቆመበት ደግሞ ጥላው መስታወቱ ላይ ይቀራል። ለንግድ ቤት የተሠራው ዋጋው ከበድ ይላል። ምርጫው የነጋዴው ነው፤ ግን ርካሹን የገዛ ሰው ሁለት ጊዜ እንደሚገዛ አስቀድሞ ይቁጠረው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነውንም አይቻለሁ። ስክሪኑ ይነሳል፤ ዋጋው ግን አይነሳም። «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይዞ፣ ወይም የፋብሪካውን ስም እያበራ እስከ ማታ ይውላል፤ ሪሞቱን የያዘው ሰው ምሳ ሄዷልና። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ሳይገጥሙ፣ መብራት ሲመለስ ራሱን አስነስቶ ዋጋው ላይ የሚገባ መሣሪያ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ መክፈል የዋህነት ነው።

የፍላሹ ነገር የባሰ ነው። አንድ ወጣት ፍላሽ በኪሱ ይዞ ከመደብር መደብር እየዞረ ዋጋ ይቀይራል። አንዱን ቀይሮ ሁለተኛው ጋ ሳይደርስ ሌላ ሥራ ይታዘዛል። በዚህ መካከል ቤቱ ሁለት ዋጋ አለው። እኛ ከሐጂ ጋር ያየነው ይህንኑ ነው። የተሻለው መንገድ በየስክሪኑ ጀርባ ትንሽ ማጫወቻ ሳጥን ተገጥሞ፣ ሁሉም በኔትወርክ ከአንድ ቦታ ሲታዘዙ ነው። ይህም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሳጥኑ የመጨረሻውን ዋጋ ይዞ ማሳየቱን ይቀጥላል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው የሞተውና በሕይወት ያለው ስክሪን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ያበራሉ። ስለዚህ ዋጋው የተሞላበት ቀንና ሰዓት ከቁጥሩ ሥር በጉልህ መጻፍ አለበት። የተወሰነ ሰዓት ካለፈው ደግሞ ስክሪኑ ዋጋውን ራሱ አንስቶ «ካሸሩን ይጠይቁ» ማለት አለበት። የጠፋ ስክሪን ያስቃል፤ ያረጀ ዋጋ ግን ያጣላል።

ሰዓት ካልኩ አይቀር፣ ይህችን ነገር አስተውላችኋል? ሳጥኖቹ ከውጭ ሲመጡ ሰዓታቸው የፈረንጅ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተሞላው ዋጋ «8:00» ተብሎ ይወጣል። ከገጠር የመጣው ገዢ 8 ሰዓት ሲያይ ከቀትር በኋላ ነው የሚመስለው፤ ጊዜው ገና 5 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ዋጋው ከወደፊት የመጣ ሊሆን ነው! ቀኑም እንዲሁ። ጥቅምት ማለት እያለ በቁጥር የፈረንጁን ወር የሚጽፍ ሰሌዳ ማንን ለማስረዳት ነው? ሳጥኑ የግዕዝ ፊደል ካልተጫነበት ደግሞ አማርኛው ሁሉ የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ይሆናል። አንድ ህንፃ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ለሁለት ሳምንት ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ ማንም ቅር ያለው አልነበረም፤ ማንም አያነበውማ።

በሌላ ህንፃ ደግሞ ስክሪኑ ከእንግዳ ዋይፋይ ጋር አንድ መስመር ላይ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሸቀጥ ዋጋው ጠፍቶ የማይታወቁ ሰዎች ሠርግ መጣ። ሙሽሮቹ ያምሩ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ሳቀ። እኔ ግን ያ ልጅ ከሠርግ ይልቅ ዋጋ ቢልክበትስ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። የይለፍ ቃሉ ሲገዛ የነበረው ከሆነ፣ ወይም ከቤቱ በጠብ የወጣ ሠራተኛ አሁንም የሚያውቀው ከሆነ፣ ያ ቤት ቁልፉን በር ላይ ሰክቶ እንደሄደ ይቁጠረው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በገንዘብና በባለሙያ የሚስተካከል ነው። የማይስተካከለው ሌላ ነው። ለምን ይሆን ብዙ የመርካቶ ስክሪን ዋጋ የማያሳየው? ልብ ብላችሁ ዙሩ። አበባ ያሳያል፣ የዱባይ ፎቅ ያሳያል፣ የቤቱን ስም እያሽከረከረ ያሳያል፤ ዋጋ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ቴክኒኩ ስላልተቻለ አይደለም። ስክሪን አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚችለው፤ በመርካቶ ግን ሁለት ዋጋ አለ፤ በደረሰኝና ያለ ደረሰኝ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የደረሰኝ ቁጥጥሩ ጠብቆ ብዙ ሱቆች ተዘግተው የዋሉበትን ጊዜ አንባቢ አይረሳውም። ነጋዴውም የራሱ አቤቱታ አለው፤ ከበላዩ ያለው አስመጪ ደረሰኝ ካልሰጠኝ እኔ ከየት አምጥቼ ልስጥ ይላል፤ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በአንድ ጽሑፍ አይፈታም። ግን ሳንሸፋፍን እንነጋገር ከተባለ፣ ስክሪኑን ባዶ ያደረገው ይኸው ነው። ዋጋውን የሰቀለ ሰው የትኛውን ዋጋ እንደሰቀለ መናገር አለበት፤ ከቫት ጋር ነው ወይስ ያለ ቫት?

ሕጉ በበኩሉ ከስክሪኑ ቀድሞ መጥቷል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያሳይ ወይም በዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ደንግጓል። ወረቀት በማስቲሽ መለጠፍ ይበቃ ነበር። ወረቀቱን ያልለጠፈ ቤት ስክሪን ሲሰቅል ዋጋውን ሊያሳይ ነው ብሎ ያመነ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

«መርካቶ እኮ የድርድር አገር ነው፤ ዋጋ ከሰቀልን ምኑን ተከራከርነው?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ግማሹን እቀበላለሁ። ሸማ፣ ጤፍ፣ የባህል ዕቃ፣ ቦንዳ ልብስ በዓይንና በእጅ የሚገዛ ነው፤ ማኛ ተብሎ የተሰቀለ ዋጋ ሳይዘገን ምንም አይነግርህም፤ እዚያ ስክሪን መስቀል ትርፉ የመብራት ሒሳብ ነው። ፌሮ ግን ፌሮ ነው። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ባትሪ፣ የታሸገ ዘይት፣ እነዚህ ዓይነታቸውና መጠናቸው በላያቸው የተጻፈ ነው። ብዙ ለሚገዛ ሰው ቅናሽ ማድረግ ከፈለጉም መነሻው ታውቆ ቢቀነስ ማን ከለከለ?

ደላሎቹም ሰግተዋል። ስክሪን ሲመጣ እንጀራችን ቀረ የሚሉ አሉ። እውነቱን እንናገር ከተባለ የአንዳንዱ ይቀራል። አንዱ ተራ ያለውን ዋጋ ለሌላው ተራ ደብቆ በልዩነቱ የሚኖር ደላላ ስክሪን ጠላቱ ነው። ዕቃ የሚያይ፣ የሚያስጭን፣ ከሩቅ ያለውን ገዢ ወክሎ የሚቆም ደላላ ግን ምን ይሆናል? ስክሪን ቤርጋውን አይቆጥር፣ ዝገቱን አያይ፣ መኪና አያፈላልግ። ሐጂ በዚያ ቀን ያጡት እንዲህ ያለውን ሰው ነበር፤ ስክሪኑን አምነው ያለ ደላላ ገቡና።

እና ምን ይደረግ ለሚሉኝ፣ የእኔ ሐሳብ ብዙ ወጪ የለውም። ዋጋውን የሚሞላው ዋጋውን የሚወስነው ሰው ይሁን፤ ባለቤቱ ወይም የሽያጭ ኃላፊው። ወጣቱ ባለሙያ ሥዕሉንና ቀለሙን ያሳምር፣ መሣሪያውን ይጠብቅ፤ ቁጥር ግን አይንካ። ገንዘብ ተቀባይዋ የምትሸጥበት ዝርዝርና ስክሪኑ ከአንድ ምንጭ ይቀዱ፤ ሒሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ ቤት ዋጋውን አንድ ጊዜ እዚያ አስተካክሎ ስክሪኑ ከዚያው እንዲወስድ ማስደረግ ይችላል። ከዋጋው ጎን መለኪያው ይጻፍ፤ በቤርጋ ነው በኪሎ፣ በደርዘን ነው በካርቶን። ማስታወቂያና ዋጋ በአንድ ስክሪን አይደባለቁ፤ ገዢው የሳሙና ማስታወቂያ እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም። ወደ ውጭ የሚታይ ስክሪን ከሆነ ደግሞ የከተማው ፈቃድ እንደሚጠየቅበት አይዘንጋ።

ከሁሉ በላይ አንዲት ደንብ በየመደብሩ ትለጠፍ። ስክሪኑና ካሸሩ ከተለያዩ ቤቱ የሚሸጠው በስክሪኑ ዋጋ ነው የምትል። ይህን ስናገር አንድ ባለ መደብር «ወንድሜ፣ ልታከስረኝ ነው እንዴ?» አለኝ። አዎን፣ አንድ ቀን ይከስራል። ከሐጂ ግዢ ላይ በየቤርጋው 70 ብር ያጣ ባለቤት በማግስቱ ጠዋት ያ ልጅ ገባ አልገባ ብሎ ራሱ ይጠይቃል። እስከ ዛሬ ያልጠየቀው የሚከስረው ገዢው ስለሆነ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ በዚያው ቤት በኩል አለፍኩ። ስክሪኑ እንደበራ ነው። ሥሩ ግን በማስቲሽ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ «በስክሪኑ የሚታየው ዋጋ ለማስታወቂያ ብቻ ነው» ይላል። የድርጅቱም ማኅተም አርፎበታል።